ቆርኪው አልተንቀሳቀሰም፦ ዓይን የሚሸውድ ፊልም በካርቶንና በስልክ አሠራር

"ሠራነው፤ ግን ምንም አይታይም።" ጎንደር ውስጥ የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ ይህን ሙከራ ካሠራሁ ወዲህ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ሄጄ ሳየው ችግሩ ብዙ ጊዜ ከአራት አምስት ነገሮች አንዱ ነው። ሁሉም ደግሞ የሚስተካከል ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳልዘል እጽፈዋለሁ።

የምንሠራው ነገር ይህ ነው። አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ቆርኪ አለን። በየተራ ልክ አንድ ቦታ ላይ እናስቀምጣቸዋለን። በዙሪያቸው ጥቁር የካርቶን ፍሬም ግራና ቀኝ ይመላለሳል። ፊልሙ ሲሄድ ቀዩና ሰማያዊው ጎን ለጎን ተራርቀው ይታያሉ። ስትለኳቸው ግን አንድ ቦታ ላይ ናቸው።

ምክንያቱ ባጭሩ፦ ዓይናችን አንድ ነገር የት እንዳለ የሚያውቀው በዙሪያው ካለው ነገር ጋር እያስተያየ ነው። ዙሪያው ሲንቀሳቀስ መለኪያውም አብሮ ይንሸራተታል። መናኸሪያ ውስጥ የተሳፈራችሁበት አውቶብስ ቆሞ የጎኑ ሲነሳ "ሄድን እንዴ?" የሚያሰኘው ስሜት የዚሁ ዘመድ ነው። እኛ የምንሠራውን ዓይነት የዕይታ ተመራማሪዎቹ ፓትሪክ ካቫና፣ ስቱዋርት አንስቲስና ባልደረቦቻቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አሳይተውታል። ከሥራቸው አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ቆርኪዎቹ ምን ያህል ተራርቀው እንደሚታዩ የሚወስነው ፍሬሙ የሄደበት ርቀት ነው፤ ፍጥነቱ አይደለም። ስህተት ስትፈልጉ ትመለሱበታላችሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ በጨረቃ ሞክሩት

ካርቶን ከመቁረጣችሁ በፊት ነገሩን በዓይናችሁ እዩት። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ የተበጣጠሰ ደመና በጨረቃ ፊት ይሮጣል። ያኔ ውጡ።

1. ሁለት መዳፎቻችሁን ዓይናችሁ ዙሪያ እንደ ቱቦ አድርጉ። ጣራ፣ ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶ አይታያችሁ። ጨረቃና ደመና ብቻ ይቅሩ።
2. ጨረቃዋን ሃያ ሰከንድ ያህል ተመልከቱ። ደመናው ወደ ምሥራቅ ከሄደ ጨረቃዋ ወደ ምዕራብ ስትሮጥ ታያላችሁ።
3. አሁን እጃችሁን አውርዱ። ጨረቃዋ ከጣራ ጠርዝ አጠገብ እንድትታይ ሆናችሁ ቁሙ። ፋሲል ግቢ አካባቢ ከሆናችሁ ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ የግንቡን ማማ ጫፍ ተጠቀሙ። ጨረቃዋ ቀጥ ትላለች።

ጨረቃ በእርግጥም ሰማይ ላይ ትሄዳለች። ግን የራሷን ስፋት ያህል ለመሄድ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ያ ሁሉ ሩጫ ከደመናው የመጣ ነው።

ሦስተኛውን እንዳትዘሉ። ጨረቃዋን ያቆማት ማማው ነው። ከዓይናችሁ ፊት አንድ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ሲገባ ሽወዳው ይዳከማል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። የፊልሞቻችን አብዛኛው ውድቀት ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ሳናስበው ፎቶው ውስጥ "ማማ" እንተዋለን። የወረቀት እጥፋት፣ የእርሳስ ምልክት፣ የወለል ጠርዝ፣ ሁሉም ማማ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አሰባስቡ

- ጠንካራ ካርቶን። ባለሱቅ ጠይቁ፤ የብስኩት ወይም የሳሙና ባዶ ካርቶን አይጠፋም።
- ሁለት ትልልቅ ነጭ ወረቀቶች። ፍሊፕ ቻርት ጥሩ ነው። ተጠቅልሎ እንጂ ታጥፎ የመጣ አትግዙ።
- ሁለት የጠርሙስ ቆርኪዎች። በመክፈቻ ሲከፈት ቆርኪ መሃሉ ይጎብጣል። የጎበጠው አንድ ቦታ ላይ አይረጋም፤ እየዞሩ ደህናውን ምረጡ።
- ቀይና ሰማያዊ የጥፍር ቀለም። ካጣችሁ ባለ ቀለም ወረቀት በክብ ቆርጣችሁ ለጥፉበት።
- ጥቁር ማርከር፣ ስኮች፣ መርፌ፣ መቁረጫ፣ ሁለት ባለ 30 ሳ.ሜ. ማስመሪያ።
- ስልክ፣ በላዩም ስቶፕ ሞሽን (ፎቶዎችን አከታትሎ ፊልም ማድረግ) የሚሠራ አፕ። እኔ ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮን እጠቀማለሁ፤ ነፃው ይበቃል። ዳታ ሲያስቸግር ሰዓት እንዳይበላባችሁ ቀድማችሁ አውርዱት።

ፍሬሙን በጥቁር ፕላስተር ለመሸፈን አትሞክሩ። ያብረቀርቃል፤ ከፎቶ ፎቶ ነጭ ነጥብ እየዞረበት ያስቸግራል። ማርከር ወይም ከሰል ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ፍሬሙን ከነጭራው ቁረጡ

ውጩ 20 በ20 ሳ.ሜ. የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡ። ከውስጡ 16 በ16 አውጡ። 2 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ክፈፍ ይቀራል። ጥቁር ቀቡት፤ ጠርዙንም አትርሱ።

አሁን ጭራውን ሥሩ። ብዙዎች ይህን ይዘሉና ፍሬሙን በጣታቸው ይገፋሉ። ፍሬሙ በያንዳንዱ ግፊት ትንሽ ይጠመዘዛል፤ ፊልሙ ላይ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ጭራው ይህን ያስቀራል።

1. 20 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 2 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ካርቶን ቆርጣችሁ ነጭ ወረቀት አልብሱት።
2. አንዱን ጫፍ ከፍሬሙ የታችኛው ጎን መሃል ላይ ከሥር ለጥፉ።
3. በሌላው ጫፍ 15 ሳ.ሜ. የሚሆን ቀጥ ያለ አግዳሚ ለጥፉ። ጭራውና አግዳሚው አንድ ላይ የተገለበጠ T መሥራት አለባቸው፤ ማዕዘኑም ልክ 90 ዲግሪ ይሁን። በደብተር ጥግ አረጋግጡ።
4. አግዳሚው መሃል ላይ አንድ ቀጭን መስመር በእርሳስ አስምሩ።

ጭራው ነጭ የሆነው ነጩ ወረቀት ላይ እንዳይታይ ነው። አግዳሚው ደግሞ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ይውላል።

ደረጃ 4፦ ወለሉን፣ ብርሃኑንና ስልኩን አደላድሉ

የሊሾ ወለል ካላችሁ እሱ ላይ ሥሩ። ወረቀቱን አንጥፋችሁ አራቱንም ጥግ በስኮች ያዙ። ሁለት ወንበሮች ግራና ቀኝ አስቀምጡና በላያቸው ጣውላ አጋድሙ። ስልኩን ካሜራው ከጣውላው ጠርዝ ብቻ ወጣ እንዲል አስተኙት። ጅራቱ ላይ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። አጭሩ የፎቶ ጎን ወደ እናንተ ይሁን፤ ካሜራው ወረቀቱን ብቻ ይይ። ወለሉ ጥግ ላይ ብቅ ካለ ወረቀት ጨምሩ።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ አትስጉ። የምትሠሩት በቀን ብርሃን ነው። ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት፣ ክፍት በር አጠገብ፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ ምረጡ። ክረምት ከሆነ ደመናው እየመጣ ብርሃኑን ያጨልመዋል፤ ሲያልፍ ጠብቁ። አምፖል አትቀላቅሉ።

አፑ ውስጥ ብርሃኑንና ፎከሱን ቆልፉ። ካልቆለፋችሁ ቀዩ ቆርኪ ሲገባ ስልኩ በራሱ ፎቶውን ያደምቀዋል ወይም ያደበዝዘዋል፤ ፊልሙም ብልጭ ድርግም ይላል።

አሁን አንዱን ማስመሪያ ከዕይታው ውጭ፣ ወደ እናንተ በኩል፣ በስኮች ለጥፉ። የጭራው አግዳሚ በዚህ ማስመሪያ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ይንሸራተታል። ባቡር ሐዲድ ላይ እንደሚሄደው ማለት ነው። ከመቀጠላችሁ በፊት ፍሬሙን ባዶውን ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሱት። ከተንጋደደ አግዳሚውን እንደገና ለጥፉ።

ደረጃ 5፦ የቆርኪውን ቦታ በመርፌ ምልክት አድርጉ

ፍሬሙ የሚሄደው በጠቅላላ 8 ሳ.ሜ. ነው። የግራው መጨረሻ "ዜሮ"፣ የቀኙ መጨረሻ "ስምንት" ይባል። የት እንደደረሰ የምታነቡት አግዳሚው ላይ ያሰመራችሁትን መስመር ከተለጠፈው ማስመሪያ ጋር እያስተያያችሁ ነው። ፍሬሙን "አራት" ላይ አቁሙት። የፍሬሙን መሃል በማስመሪያ ፈልጉ። ቆርኪው የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ምልክቱን በእርሳስ እንዳታደርጉ። ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ ያደከመን ነው። ነጥቧ ትንሽ ትመስላለች፤ ፊልሙ ላይ ግን ዓይን ወዲያው ያገኛታል፤ ቆርኪዎቹም እሷ ላይ ተቸንክረው ይቀራሉ። ይልቅ ቆርኪውን አስቀምጡና በዙሪያው ሦስት ቦታ ወረቀቱን በመርፌ ጫፍ ጫን አድርጉት። መብሳት የለባችሁም። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ሦስት ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታዩአችኋል፤ በጣታችሁ ጫፍም ይሰማችኋል። ካሜራው ግን አያያቸውም። አንድ የሙከራ ፎቶ አንሥታችሁ አጉልታችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ፎቶዎቹን አንሡ

ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ፍሬሙንና ቆርኪውን ይያዝ፣ አንዱ ስልኩን። ስልኩን የያዘው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጥራ። ይህ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም የተዘለለ ፎቶ የሚገኘው ባልተጠራበት ቦታ ነው። ፎቶውን በታይመር ወይም በጆሮ ማዳመጫ ቁልፍ አንሡ፤ ስክሪኑን ስትነኩ ስልኩ ይነቃነቃል።

1. "ዜሮ፣ ቀይ።" ፍሬሙን ዜሮ ላይ አድርጉ። ቀዩን ቆርኪ በመርፌው ምልክት መሃል አስቀምጡ። እጃችሁን ከነጥላው አውጡ። አንሡ። ቆርኪውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት፤ ፍሬሙ አይነካ።
2. "አንድ።" ፍሬሙን 1 ሳ.ሜ. ወደ ቀኝ አንሸራትቱ። ቆርኪ የለም። አንሡ።
3. "ሁለት" እያላችሁ እስከ "ሰባት" እንዲሁ ቀጥሉ።
4. "ስምንት፣ ሰማያዊ።" ሰማያዊውን ቆርኪ እዚያው ምልክት ላይ አስቀምጡ። አንሡ። ቆርኪውን አውጡ።
5. አሁን ተመለሱ። "ሰባት፣ ስድስት" እያላችሁ እስከ "አንድ"። ቆርኪ የለም።

በጠቅላላ 16 ፎቶ ነው። ዜሮን በመጨረሻ እንደገና አታንሡ፤ ፊልሙ ሲደጋገም ራሱ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ቆርኪው የሚታየው በአንድ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። "በደንብ እንዲታይ" ብላችሁ ሦስት አራት ፎቶ ላይ ከተዋችሁት ፍሬሙ ሲሄድ ቆርኪው ቆሞ ይታያል፤ አለቀ።

እጅ የገባበት ፎቶ ካለ ወዲያው አጥፉትና እዚያው ድገሙት። ስልኩ ከተነካ ግን ለመጠገን አትሞክሩ። ከዜሮ ጀምሩ። አዝናለሁ፣ ሌላ መንገድ የለውም፤ ስዕሉ በሙሉ ሲዘል እሱ ራሱ ሌላ ፍሬም ይሆንና ውጤቱን ይረብሻል።

ደረጃ 7፦ ፊልሙን አስኪዱ

ፍጥነቱን በሰከንድ 12 ፎቶ አድርጉ። አንድ ዙር 1.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አፑ ላይ የመደጋገሚያውን ምልክት ክፈቱ። ከሌለ 16ቱንም ኮፒ አድርጋችሁ አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ ለጥፉ።

ስታሳዩ፦

1. ቀድማችሁ ምን እንደሚታይ አትናገሩ። "ቀዩ ከሰማያዊው በየት በኩል ነው?" ብላችሁ ብቻ ጠይቁ።
2. ተመልካቹ ፍሬሙን በዓይኑ አይከተል። ስክሪኑ መሃል አካባቢ ረጋ ብሎ ይይ።
3. ጣት፣ እስክሪብቶ ወይም ማስመሪያ ስክሪኑ አጠገብ አታቅርቡ። ይህ ቀጥሎ ይመጣል።
4. ከተቻለ በላፕቶፕ ወይም በቴሌቪዥን አሳዩ። ስልክ ላይ 8 ሳ.ሜ. ወደ 2 ሳ.ሜ. ያህል ያንሳል።

ሥራችሁ ትክክል ከሆነ ቀዩ በቀኝ፣ ሰማያዊው በግራ ይታያል። ቀዩ ሲበራ ፍሬሙ ግራ ጫፍ ላይ ስለሆነ ቆርኪው ከፍሬሙ መሃል ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ዓይናችን ፍሬሙን የቆመ ያህል ይቆጥረውና ያንን "ወደ ቀኝ" ይዞ ይቀራል። ፍሬሙ ራሱ በእርግጥ ከሄደው ያነሰ የሚሄድ ይመስላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ብልጭታ ያለበት ፊልም አታሳዩ። ፍጥነቱንም "ይድመቅ" ብላችሁ አታብዙት።

ደረጃ 8፦ ላላመነ ሰው አረጋግጡለት

ፊልሙን ለጎረቤቴ ለእማማ ሳሳያቸው ገና ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ "አንተ ልጅ፣ ቆርኪውን አንቀሳቅሰኸዋል እንጂ!" አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ፊልሙን ቀዩ ላይ አቆምኩት። ምራቅ የነካት ቁራጭ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ቀዩ መሃል ለጠፍኩ። "አሁን ጣትዎን እዚህ ያድርጉና ይቁጠሩ" አልኳቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፉ። ስምንተኛው ላይ ሰማያዊው መጥቶ ልክ ቁራጯ ሥር ተቀመጠ። ወረቀቷን አንሥተን ፊልሙን ስናስኬደው እንደገና ተራራቁ። እማማ እውነቱን እያወቁትም ዓይናቸው አልታዘዘላቸውም። "በል ድገመው" እያሉ ቡናው ፈላ።

ቁራጯን ወረቀት አንሥታችሁ ነው የምታስኬዱት። ከተዋችኋት ማማ ሆነች ማለት ነው።

ሁለተኛ ማረጋገጫ አለ። ወፍራም ወረቀት ላይ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ቆርኪ አንድ ተኩል እጥፍ የሚሰፋ ቀዳዳ አውጡ። ቀዳዳው ቆርኪው ላይ እንዲውል ስክሪኑን ሸፍኑ። ፍሬሙ ተደበቀ። ቀይና ሰማያዊ አንድ ቦታ ላይ ይፈራረቃሉ። ወረቀቱን ሳብ ስታደርጉ ወዲያው ይለያያሉ። ልጆች ከሁሉም የሚወዱት ይህን ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

"ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሚታዩኝ።" መጀመሪያ ማማ ፈልጉ። አንዱን ፎቶ አጉሉና ከጥግ ጥግ እዩ፦ እጥፋት፣ እድፍ፣ የስኮች ጠርዝ፣ የወለል ቁራጭ። ካገኛችሁ ከርከሙት ወይም በአዲስ ወረቀት ድገሙ። ማማ ከሌለ የቆርኪ ፎቶዎችን ቁጠሩ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ ብቻ መሆን አለባቸው። እሱም ደህና ከሆነ ቆርኪው የገባው ፍሬሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ መሆኑን እዩ። "አራት" ላይ የገባ ቆርኪ የትም አይሄድም።

"ተራርቀዋል፣ ግን በጥቂቱ።" ፍጥነት አትጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው። ርቀቱን ወደ 10 ሳ.ሜ. አሳድጉ፤ የቆርኪው ምልክትም ወደ አዲሱ መሃል፣ ወደ አምስት ይዙር። የፎቶው ብዛት ሁልጊዜ የርቀቱ እጥፍ ነው፤ 20 ፎቶ ታነሣላችሁ። ከ10 ካለፋችሁ ግን ፍሬሙም ማደግ አለበት፤ አለዚያ ጠርዙ ቆርኪውን ይጠጋዋል።

"ቀዩ በግራ ነው የሚታየው።" ጥፋት የለም። ቀዩን በቀኙ ጫፍ አስገብታችሁታል ወይም ስልኩ ተገልብጦ ነበር።

"በቁራጭ ወረቀት ስንለካ በእርግጥ ተራርቀዋል።" ይህ ግን ጥፋት ነው፤ ቆርኪው ከመርፌው ምልክት ወጥቷል። ያንን ፎቶ ብቻ ድገሙ፤ ስልኩ ካልተነካ ይቻላል። ተነሥቶ ከሆነ ሁሉንም።

"ፍሬሙ ይንቀጠቀጣል።" አግዳሚው ከማስመሪያው ጠርዝ እየለቀቀ ነው። በቀስታ ወደ እናንተ ሳብ አድርጋችሁ እያስነካችሁ አንሸራትቱት።

"አንዱ ልጅ አያይም፣ ሌላው ያያል።" ፍሬሙን በዓይኑ እየተከተለ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ራቅ አድርጉትና ዓይኑን መሃል ላይ እንዲያሳርፍ ንገሩት። አትጎትጉቱት፤ "አየሁ" የሚለው እናንተን ለማስደሰት ከሆነ ሙከራው ዋጋ የለውም።

ፊልሙ ከሠራ በኋላ ሌላ ሳታነሡ ሁለተኛ ሙከራ ታገኛላችሁ። የስልኩን ስክሪን በራሱ እንዳይዞር ቆልፉና ስልኩን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አዙሩት። ፍሬሙ አሁን ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ቀዩ ከታች፣ ሰማያዊው ከላይ ይሆናል።